ለበርበሬ የሚሆን ማስክ

በወረርሽኙ ጊዜ ማስክ አላደርግም ብዬ ከባጃጅ ውረድ የተባልኩ ሰው ነኝ። ካለማወቅ አልነበረም፤ ስለ ማስክ ከሾፌሩም፣ ሾፌሩን ከሚቆጣጠረው ፖሊስም የበለጠ አንብቤ ነበር። ነገር ግን የአንድ ከተማ ሰው በሙሉ በአንድ ጊዜ በአንድ ነገር ሲስማማ የተሸወድን ይመስለኛል። ይህ ጠባይ ዕድሜ ልኬን ሥራም ወዳጅም አሳጥቶኛል፤ አልተወኝም። ወረርሽኙ አልፎ ቡታጅራ ውስጥ አንድም የተሸፈነ አፍ ሲጠፋ ግን እኔ ማስክ ማድረግ ጀመርኩ።

ምክንያቱ መጻሕፍቶቼ ናቸው። በቤቴ ፊት ለፊት የሚያልፈው መንገድ ሊሠራ ነው ተብሎ ተቆፈረ፤ ሊሠራ ነው እንደተባለም ቀረ። ክረምት ጭቃ ነው። ጭቃ ቢያንስ ቦታውን ያውቃል፤ ጫማ ላይ ይቀራል። በጋ ሲገባ ግን ባጃጁና አይሱዙው እየተመላለሱ ስለሚፈጩት እንደ ጤፍ ዱቄት ይልማል። ጠዋት የወለወልኩት መደርደሪያ ላይ ከሰዓት በኋላ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። አንድ ቀን የአንዱን መጽሐፍ ጀርባ እየጠረግሁ ሳለ አንድ ነገር መጣብኝ፤ በተዘጋ መስኮት አልፎ፣ በተዘጋ መጽሐፍ ገጾች መካከል ገብቶ የተኛ አቧራ፣ ሁልጊዜ ክፍት የሆነውን የእኔን አፍንጫ ምን ብሎ ይምረዋል? መጽሐፉስ የሚጠርግለት ሰው አለው። ሳንባን ማን ይጠርጋል?

በማግስቱ ማስክ አድርጌ ወጣሁ። ሰፈሩ ደነገጠ።

«መምህር፣ ተመልሶ መጣ እንዴ?» አለችኝ ጥግ ላይ ያለችው ባለሱቅ፣ እጇን ከዳቦው ላይ አንስታ።

«ምኑ?»

«ያ ነገር ነዋ! ምን ሰማህ?»

«ምንም አልሰማሁም። ለአቧራው ነው ያደረግሁት።»

«ለአቧራው?» ትንፋሿ ተመለሰ፤ ሳቀችም። «አቧራማ የራሳችን ነው።»

ልክ ነበረች። ከውጭ የመጣን በሽታ ሰው ይፈራዋል፤ እዚሁ የተወለደውን ግን እንደ ጎረቤት ያየዋል። ያንን ሳቅ ለሁለት ወር ያህል በየደረስኩበት ስሰማ ከረምኩ። አንድም ሰው ግን ከየት ገዛኸው ብሎ አልጠየቀኝም። በመጨረሻ የጠየቀኝ ወፍጮ ቤት ያለው ወዳጄ ነው።

ከእሱ ጋር አንደኛ ደረጃ አብረን ተምረናል። እሱ ከአባቱ ወፍጮ ወረሰ፤ እኔ ከአባቴ ክርክር ወረስኩ። ሰው ሁሉ ሐጂ ይለዋል፤ እኔም እንደ ሰው። ጤፍም ስንዴም ይፈጫል፤ ስሙ የወጣው ግን በበርበሬ ነው። ከመስቀል በኋላ የማረቆ ዛላ መውረድ ሲጀምር ከቆሼ፣ ከቡኢ ሳይቀር ሴቶች ቀንጥሰው፣ አድርቀው፣ ቀምመው ያዘጋጁትን በርበሬ በማዳበሪያ ይዘው ወደ እሱ ይመጣሉ። በመንገዳቸው ላይ ሌሎች ወፍጮ ቤቶች ስለሌሉ አይደለም። የአንዷን በርበሬ ከሌላዋ ጋር እንደማይቀላቅል፣ ከወፍጮው ውስጥ አንዲት ቁንጣሪ እንኳን እንደማያስቀርባቸው ስለሚያውቁ ነው። አማና ይለዋል፤ በአደራ የተሰጠ ነገር ማለቱ ነው። ይህን ቃል ሲናገር ሌላ ሰው ይሆናል።

ሐጂ ሌላም ሥራ አለው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስጂድ አዛን የሚያደርገው፣ ሰውን ለሶላት የሚጠራው እሱ ነው። ጸጉር በነበረኝ ዘመን ጀምሯል። እኔ ክርስቲያኑ ምሳዬን የምበላው በእሱ ዙህር፣ በእኩለ ቀኑ ጥሪ ነው፤ ሚስቴም ሽሮውን የምታወርደው በሰዓት ሳይሆን በሐጂ ድምፅ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። በአንድ ትንፋሽ የሚባለውን ሐረግ መሐል ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያ አየር ሲስብ ይሰማል። ማይክ ክፉ ነገር ነው፤ የሰውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ድካሙንም ለሰፈር ያድላል። አንዳንድ ቀን ሐረጉ ሳያልቅ ሳል ይቀድመዋል።

ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ሲያዳምጠው ቆይቶ፣ «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለው። በርበሬ እንደሚፈጭ ሲነግረው ስቴቶስኮፑን አጠፈ። ወይ ወፍጮውን ይተዉ፣ ወይ ያንን ብናኝ ወደ ውስጥ አያስገቡ አለው። የመስጂዱ ሽማግሌዎችም በደግነት ጠሩት። የበርበሬው ወቅት እስኪያልፍ ሌላ ሰው ይጥራ፣ ያኔ እንሰማሃለን፤ ከተሻለህ ቦታህ ቦታህ ነው፣ ካልተሻለህ ግን ለዘለቄታው ለሌላ ሰው እንሰጣለን አሉት። አጥፍተዋል ማለት አይቻልም። እሱም አላላቸውም። ነገር ግን በዚያው ሳምንት እቤቴ መጥቶ በረንዳዬ ላይ ሲቀመጥ አንድ እጁን ቤቱ ረስቶ የመጣ ሰው ይመስል ነበር።

«መምህር፣ ያንን አፍህ ላይ የምታደርገውን ከየት ነው የምታመጣው?»

«ለምንህ?»

«ለጉልበቴ! ለአፌ ነዋ።»

«ወፍጮውን ለልጆችህ ብትተውላቸው አይሻልም?»

«ልጆቼ አዲስ አበባ መርካቶ ናቸው፤ በርበሬ የሚያውቁት ወጥ ውስጥ ነው። አንተ ማንበብ ተው ብትባል ትተዋለህ?»

«ማንበብ ሰው አይገድልም።»

«ሚስትህን ጠይቃት።»

ሚስቴ ከውስጥ ስትስቅ ተሰማኝ። ከዚያ ግን ሐጂ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወፍጮው እንጀራዬ ነው፤ አዛኑ ግን እኔ ነኝ» አለ። «አንዱን ምረጥ አትበለኝ። ዕቃውን ብቻ ምረጥልኝ።»

ዕቃውን መምረጥ ቀላል መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ሁላችንም የምናውቀውን ሰማያዊውን፣ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለውን አወጣችልኝ። እሱ የተሠራው ሐኪም ሲናገር ምራቁ ቁስል ላይ እንዳይወድቅ ነው፤ ግራና ቀኙ እንደ በረት በር ክፍት ነው። ሌላ የለም ወይ አልኳት።

«ለምንድን ነው የፈለጉት፣ ጋሼ?»

«ለበርበሬ ወፍጮ።»

«ውይ! ለሱማ ወተት ነው የሚጠጣው።»

በእኛ አገር ወተት የማይከላከለው ነገር የለም። ቀለም ቀቢው ይጠጣል፣ ሲሚንቶ አቡኪው ይጠጣል፣ ጋራዥ ያለው ይጠጣል። ችግሩ ወተት በአንድ በር ሆድ ይገባል፣ አቧራ በሌላ በር ሳንባ ይገባል፤ ሆድና ሳንባ ደግሞ አጥር ይጋራሉ እንጂ አይጠያየቁም። ይህን ለልጅቷ ነገርኳት። በትሕትና ሰማችኝና፣ «አባቴ ግን ይጠጣል» አለች። ሐጂም በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ሲጠጣ ነው የኖረው።

ቀጥዬ ልብስ ቤት ሄድኩ። ከወረርሽኙ የተረፉ የጨርቅ ማስኮች አሉ፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ክለቦች አርማ የታተመባቸው። ጨርቅ ትልቁን አቧራ ይይዛል። ትልቁን አቧራ ግን አፍንጫችን ራሱ ይይዘዋል፤ የአፍንጫ ጸጉር የተሰጠን ለዚያ ነው። የሚገድለው በዓይን የማይታየው ነው፤ በጨርቅ ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ ጎኑ እንኳን አይነካም። ለሐጂ የክለብ አርማ ይዤለት ብሄድ ከሳሉ በፊት በጭቅጭቅ ይሞታል።

ሕንጻ መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ የተሻለ አገኘሁ፤ እንደ ሲኒ የጎበጠ፣ ፊቱ ላይ የፕላስቲክ መተንፈሻ ያለው። ገለባበጥኩት፤ አንድም ጽሑፍ የለበትም።

«ይህ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት ባለሱቁን።

«ኦሪጅናል ነው።»

«ምንም አልተጻፈበትምኮ።»

«ኦሪጅናል ከሆነ ምን ሊጻፍበት?»

 ልግዛው ስል ላስቲኩን ሳብ አደረግሁት፤ እጄ ላይ ቀረ።

በመጨረሻ ልብ የሚያደርሰውን ያገኘሁት ወልቂጤ ነው። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ፣ ለብየዳና ለእንጨት ሥራ ዕቃ የሚያቀርብ ቤት ውስጥ። ጆሮ ላይ ሳይሆን በጭንቅላት ዙሪያ በሁለት ላስቲክ የሚታሰር፣ አፍንጫ ላይ የሚጨመቅ ሽቦ ያለው፣ ምን ያህል ብናኝ እንደሚያስቀር የተጻፈበት፣ በካርቶን የታሸገ። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ስመለስ መስኮቱ አልዘጋ ብሎ የመንገዱ አቧራ ሁሉ ተሳፈረብን። ካርቶኑን ከፍቼ አንዱን አደረግሁ። ረዳቱ ሂሳብ ሊሰበስብ መጥቶ ዓይን ዓይኔን አየኝና፣ «ፋዘር፣ ጫማዬ ሸተተ እንዴ?» አለ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። አቧራ አፋቸው ውስጥ እየገባ ሳቁ።

ለሐጂ አደራረጉን አሳየሁት። ላስቲኩ አንዱ ከጆሮ በላይ፣ አንዱ ማጅራት ላይ። ሽቦውን በሁለት ጣት ጨምቅ። ከዚያ በሁለት መዳፍህ ሸፍነህ ተንፍስ፤ አየር በጎን ካመለጠህ አልገጠመም ማለት ነው አልኩት። ነፋ። «ትንሽ ያመልጣል» አለ። ላስቲኩን አጠበቅሁለት። «አሁንስ?» ስለው፣ «ደህና ነው» አለ፤ ከእኔ ለመገላገል እንደነበር አሁን ይገባኛል። እኔም ደህና ነው አልኩ። አስተማሪ ተማሪው ገብቶኛል ሲለው ከማመን ሌላ ምን ይጠቅመዋል?

ከሳምንት በኋላ ቤቱ ሄድኩ። መጀመሪያ ያየሁት ሐጂን ሳይሆን የልብስ ገመዱን ነው። ከሸሚዞቹና ከአንሶላው መካከል ስድስት ማስኮች በመቆንጠጫ ተሰቅለው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እንደ በረዶ ነጥተዋል።

«አጠብኳቸው ጋሼ» አለችኝ ሚስቱ በኩራት። «ደም ነበር የመሰሉት። ሁለት ጊዜ ነው በሳሙና ያሸኋቸው።»

«እህቴ፣ ይህ አይታጠብም።»

«የማይታጠብ ልብስ አለ እንዴ?»

«ልብስ አይደለም።»

«አፍ ላይ የሚደረግ ነገር ሳይታጠብ?» ቆም ብላ በጥርጣሬ አየችኝ። «እርስዎ ያደረጉትን መቼ ነው ያጠቡት?»

«አላጠብኩትም።»

«አላህ ይማርዎት» አለችኝ፤ ከልቧ አዝናልኝ።

ማበጠሪያ በደረቅ ጸጉር ላይ ሲሄድ ብጣሽ ወረቀት እንደሚስብ ሁሉ፣ የማስኩም ክሮች ብናኙን የሚይዙት በዚያ ዓይነት ስበት ነው፤ ውኃና ሳሙና ሲነካቸው ስበቱ ይጠፋል፣ የሚቀረው መልኩ ብቻ ነው ብዬ አስረዳኋት። ታዲያ መቼ ነው የሚቆሽሸው አለች። መተንፈስ ሲያስቸግር፣ ወይም ሲላላ ይጣላል አልኳት። መጣል የሚለው ቃል ከመቆሸሹም በላይ አስከፋት። ያም ሆኖ ሰማችኝ። የታጠቡትን ለራሷ ለቤት ጥረጋ ወሰደቻቸው፤ ሐጂም አዲስ ማድረግ ቀጠለ።

ሳሉ ግን አልቀነሰም። አንድ ቀን ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት በፊት ሥራ ሲያቆም ደረስኩ። ማስኩን አወለቀ። ከጉንጩ እስከ አገጩ ያለው ጺሙ፣ ማስኩ የሸፈነው ክፍል ሳይቀር፣ ከሥሩ ቀይ ነበር። የአፍንጫው ቀዳዳዎችም ቀይ ናቸው።

«ሐጂ፣ ሂና ተቀባህ?»

«የማረቆ ሂና» አለና ሳለ፤ ሳሉ አላቆም ብሎት ግድግዳ ያዘ።

እቤቴ ሄጄ ካርቶኑን አወጣሁ። እኔ እኮ የማነብ ሰው ነኝ። የሁለት ዓለም ጦርነቶችን ታሪክ አንብቤአለሁ፤ ስለ መርዝ ጋዝ መከላከያ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አንብቤአለሁ። ያላነበብኩት ካርቶኑን ነው። በጎኑ ላይ ትንሽ ሥዕል አለ፤ ጺም ያለው ሰውዬ፣ በላዩ ላይ ቀይ መስቀለኛ መስመር። ማስኩ ከቆዳ ጋር ካልተጣበቀ በጺሙ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በር ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳን እንዲገባው ተብሎ የተሣለ ሥዕል ነበር።

በማግስቱ ሥዕሉን ይዤ ሄጄ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ጺሜን?»

«ለወቅቱ ብቻ። ጸጉር ነው፤ ይበቅላል።»

«አንተ ራስህ ላይ አንድ ዘለላ አልቀረህም፤ የሰው መላጨት ይቀልሃል» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታውን ሰበሰበው። «መምህር፣ ይህን ጺም ለውበት አይደለም ያሳደግሁት፤ ሱና ነው፣ የነቢዩ ፈለግ። ወደ አዛን ልመለስ ብዬ እሱን ብላጭ፣ ምኔን ይዤ ነው የምመለሰው?»

ሥዕሉን ይዤ ተመለስኩ። እቤቴ ስደርስ ግን መልሱ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ነፍስን ማዳን ይቀድማል የሚል ሐሳብ በእሱም ሃይማኖት በእኔም እንዳለ አውቃለሁ፤ ይህን የሚፈቅድለት ዓሊም፣ የሃይማኖቱ ሊቅ፣ እንደማይጠፋም እገምታለሁ። ክርክሩን በሐሳቤ አዘጋጅቼ፣ በሐሳቤ ረታሁት። ከዚያ በኋላ ነው የረታሁት ሰው ፊት የታየኝ። በገዛ እምነቱ ተከራክሬ ባሸንፈው፣ ሳሉን ሳልወስድለት ሌላ ነገር ወስጄበት እመለሳለሁ። ተውኩት። በፈንታው በገበያ ቀን ማስኬን አድርጌ ወፍጮ ቤቱ ጥግ አንድ የጤፍ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥኩ። ስለዚያ ቤት ብዙ አውርቼ ነበር፤ ቁጭ ብዬ አይቼው ግን አላውቅም።

ወፍጮው ሲሠራ ዱቄቱ የሚወርደው ከአፉ ላይ በታሰረ፣ ሰው በሚያህል የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ከረጢቱ ተነፍቶ ይወጠራል፤ በክሮቹ መካከል ትንሽ ትንሽ ያጨሳል እንጂ ብዙ አይወጣም። ሐጂ በዚህ ጊዜ ማስኩን አጥብቆ እንደ ወታደር ይቆማል። ከዚያ በርበሬው ያልቃል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ሴትዮዋ ጠጋ ብላ፣ «አራግፍልኝ እንግዲህ» ትላለች። ሐጂ ዱላ ያነሳል። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው እፍኝ እንዲወርድላት ግራ ቀኝ ይደበድበዋል። የዚያን ጊዜ ከክሮቹ ሁሉ ቀይ ደመና ተነስቶ ቆርቆሮው ድረስ ይወጣል። ሞተሩ ሲፈጭ ተቋቁመው የቆሙት ሴቶች በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ወደ በሩ ይሸሻሉ። «አንዴ ድገመው» ትላለች ባለቤቷ ከነጠላዋ ሥር። ይደግመዋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ደህና። ዱላውን ከማንሳቱ በፊት በሌላኛው እጁ ማስኩን ወደ አገጩ ያወርዳል። ደብድቦ፣ አስሮ፣ አንስቶ ያስረክባታል፤ በተገለጠ ፊት፣ በተከፈተ አፍ፣ ደመናው መሐል ቆሞ፣ «አላህ በረካ ያድርግልሽ» ይላታል። ከዚያ ማስኩን መልሶ ያደርግና የሚቀጥለውን በርበሬ ይጨምራል። ስድስት ሴቶች አስፈጩ። ስድስት ጊዜ እንዲሁ አደረገ። ሰማዩ ሲጠቁር ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ዝናቡ ሲጥል የሚያጥፍ ሰው ይኸው አየሁ።

«ለምን ታወርደዋለህ?» አልኩት ሞተሩ ሲጠፋ።

«ምኑን?»

«ማስኩን።»

«መች አወረድኩት?» አለኝ፤ ማስኩ አገጩ ላይ ነበር። እጁን ልኮ ዳሰሰውና ራሱም ገረመው። ትንሽ አሰበ። «የሰው ንብረት ሳስረክብ ፊቴን ሸፍኜ? ሌባ ነኝ?»

«እሺ፣ ዱላውስ? ለምን አትተወውም?»

«ውስጡ የቀረው የማን ነው?»

«የእሷ።»

«ታዲያ?»

«ከራስህ በርበሬ አንድ እፍኝ ጨምርላትና ይብቃ።»

ይህን በማለቴ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተነሱብኝ። አንዷ፣ «የኔ በርበሬ ላይ የሌላ ሰው? የኔኮ ኮረሪማው የጠነነ ነው!» ስትል፣ ሌላዋ፣ «የኔ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱ» አለች። ሦስተኛዋ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ፣ ግን እኔ እንድሰማ አድርጋ፣ «መምህር በርበሬ ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ ምን እያበላችው ይሆን ያች ሴት?» አለች። ሐጂ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉም አላባራ ብሎት በሩ ላይ ተጎንብሶ ቀረ። ሴቶቹ የጀመሩትን ክርክር ተዉት። ለምን አዛን ላይ ድምፁ እንደጠፋ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ከዱላውና ከአንዴ ድገመው ጋር አያይዘው ግን አላሰቡትም ነበር። እኔም እስከዚያ ቀን።

ቀድመው የተናገሩት አንዲት አሮጊት ናቸው። ከቆሼ በኩል የመጡ፣ በርበሬ ነጋዴ፤ ሁለት ማዳበሪያ ይዘው ወረፋ ላይ ነበሩ።

«ዱቄትን ማን ይደበድባል?» አሉ። «እኔ ቤቴ ስነፋ ወንፊቱን አስቀምጬ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። የቸኮለ ያስነጥሳል። ተወው ይረፍ ልጄ፤ ራሱ ይወርዳል። እኛ ደጅ ቁጭ ብለን ወሬያችንን እናወራለን፤ ወሬ ጠፍቶብን ነው?»

«እናቴ፣ ወረፋው ይረዝማል» አለ ሐጂ።

«ይርዘማ። ቤቴ ማን ይጠብቀኛል?»

«ፊቱንስ?» አልኳቸው፤ ነገር መጨረስ ስለምወድ። «ፊቱን ሸፍኖ ቢያስረክብዎት አይከፋዎትም?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ፊቱን ምን አደርገዋለሁ? በርበሬዬን ነው የማየው።»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እንዲህ ሆኖ የሥራው ወግ ተለወጠ። ሞተሩ ሲጠፋ ሐጂ በሩን ከፍቶ ከባለበርበሬዋ ጋር ይወጣል። ደጅ አግዳሚው ላይ ማስኩን አውልቆ፣ በንጹሕ አየር፣ በተገለጠ ፊት በረካውን ይመርቃታል፤ እሱን ሳያደርግ እንቅልፍ አይወስደውም። ከረጢቱ ሲረጋ ማስኩን አድርጎ ይገባና፣ ላም እንደሚያልብ ሰው በመዳፉ ከላይ ወደ ታች እያባበለ የመጨረሻውን እፍኝ ያወርደዋል። ዱላው ቀረ። ሁለት ሦስት ደንበኞች አንጠብቅም ብለው ወደ ሌላ ወፍጮ ሄዱ። ሐጂ ገንዘቡ አልቆጨውም፤ «አላመኑኝም ማለት ነው» ብሎ ግን አንድ ሳምንት ሲያዝን ከረመ። ጺሙን አልተላጨም፤ እኔም ሁለተኛ አላነሳሁትም። ማስኩ በጺሙ በኩል ማፍሰሱን አልተወም። የተመረጠ ማስክ፣ በደንብ ያልገጠመ፣ ግን በትክክለኛው ሰዓት የተደረገ፤ ካርቶኑ ላይ ለዚህ ዓይነቱ የተሣለ ሥዕል የለም።

የበርበሬው ወቅት አለፈ። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ አልያዙም፣ ስብሰባም አልጠሩም። አንድ ተራ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ አብሯቸው ውዱእ አድርጎ፣ ለሶላት ታጥቦ ሲገባ፣ አንዱ ማይኩን በእጁ ሰጠው። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ የጠበቅሁት በሐጂ ቦታ ሲጠራ የከረመውን፣ የለመድነውን የወጣት ድምፅ ነበር።

የመጣው የሐጂ ነው። ሚስቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ከማድ ቤት ወጣች።  የመጀመሪያውን ሐረግ ደህና አለፈው። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ሻከረ። ረጅሙ ጋ ሲደርስ መሐል ላይ ቆመ፤ ማይኩ አየር ሲስብ አሰማን፤ ቀጠለ። ሳል አልነበረም። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆመ፤ ጨረሰ። ማስክ ሳላደርግም ለካ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ሐጂ ከሶላት በኋላ በእግሩ መጣ። ሽማግሌዎቹ የሱብሒው ብርድ ደረቱን ስለሚይዘው የንጋቱን ለወጣቱ ትተው፣ ዙህርን ለእሱ መልሰውለታል። ይህን የነገረኝ ጫማውን እያራገፈ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ ነው። ሚስቴ ሽሮውን አቀረበች። አንድ ሁለት ከጎረሰ በኋላ ቀና ብሎ አየኝ።

«ስንት ጊዜ ቆረጥኩ?»

«አልቆጠርኩም።»

«መምህር።»

«ሁለት ጊዜ።»

እንጀራውን ጠቅልሎ፣ ወጡን አስነክቶ፣ ሳይቸኩል አኘከና ዋጠ።

«አንዷ ሆን ተብላ ናት» አለ። «ማይኩን ልሞክረው ብዬ ነው።»

አልተከራከርኩትም።